«ማን ልኮህ ነው?» የቡና ከተማ ሀብታሞች ለማን ይሰጣሉ? ለምን?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዘን መጥተናል። ቡና ይፈላና ይነበብ።

በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና ወጪ ንግድ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች። ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት አካባቢ የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ብሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለተለቀቀ፣ ያው ዶላር ሲመነዘር የሚያመጣው ብር በዝቷል። ገንዘቡ ሁሉ ጅማ ገባ ማለት አይደለም። ግን የገባው ገብቷል። አጋሮንም ሊሙ ገነትንም የሚያውቅ ሰው አዲሶቹን ፎቆችና አዲሶቹን አይሱዙዎች ቆጥሮ ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ ቴሌግራም ክፈቱ። የታመመ ልጅ ፎቶ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የአካውንት ቁጥር፣ «የወገን ያለህ!» የሚል ጽሑፍ። ሼር እናደርጋለን፣ 50 ብርም 100 ብርም በቴሌብር እንልካለን። ኮሜንቱ ውስጥ ደግሞ ሁሌም አንድ ሰው አይጠፋም፦ «የዚህ ከተማ ሀብታሞች የት ሄዱ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚገርመው ግን ፖስቱን አይቶ ዝም ያለው ያው ነጋዴ፣ በሳምንቱ የአንድ ሰው ሙሉ የኦፕራሲዮን ወጪ ቻለ ሲባል ትሰማላችሁ። ታዲያ ሰውዬው ጨካኝ ነው ወይስ ደግ? እኛ በዚህ በኩል መሄዱ የትም አያደርስም ባይ ነን። ዋናው ልዩነት ያለው መልእክቱን ያደረሰው ሰው ጋ ነው። ፖስቱን ያመጣው አልጎሪዝም ነው። ሁለተኛውን ጉዳይ ያመጡት ግን ነጋዴው እምቢ ሊላቸው የማይችላቸው ሽማግሌ ናቸው።

የክረምት ብር፣ የጥቅምት ቡና

እስኪ ከቡናው እንነሳ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

በጅማ ዞን ቡና በአብዛኛው የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት አጋሮ፣ ይቡ፣ ጭራ፣ ሊሙ ገነት ሌላ ከተማ ይሆናሉ። ሰርጉም፣ የቆርቆሮው ግዢም፣ ሞተሩም፣ አዲሱ ስልክም ያኔ ነው። ክረምት ላይ ግን ገበሬው እጅ ጥሬ ገንዘብ የለም። በሽታ ደግሞ ክረምት ነው በጋ ነው ብሎ አይመርጥም። ታዲያ ገበሬው ወዴት ይሂድ? ባንክ መያዣ ይጠይቀዋል። ስለዚህ የሚሄደው ወደሚያውቀው ቡና አቅራቢ ነው። «ሐጂ፣ ልጄ ታሞብኝ ጅማ ሆስፒታል ልወስደው ነው፤ እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉልኝ» ይላል። ሐጂም ኪሳቸው ገብተው ይሰጣሉ። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም፣ ምስክር የለም።

ጥቅምት ሲመጣ ገበሬው ቡናውን ጭኖ ወደማን እንደሚሄድ መገመት አያቅታችሁም።

ይሄ ልግስና ነው፣ ብድር ነው ወይስ ንግድ? መልሱ እንደየሰዉ ነው። ችግሩን አይቶ ቡናው ገና አበባ ላይ እያለ በርካሽ የሚገዛ አለ፤ እሱን ልግስና ብለን ስሙን አናሳምርለትም። ከልቡ ሰጥቶ የሚረሳም አለ። አብዛኛው ግን መሃል ላይ ነው፤ ሰጪው ብሩን አይጠይቅም፣ ተቀባዩም አይረሳም።

ነጋዴው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ለመረዳት ቡና ማጠቢያ ሳይት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ጥራቱ ይበላሻል። ስለዚህ ማሽን የተከለ ሰው በየቀኑ የተረጋገጠ እሸት ይፈልጋል። አንድ መንገድ ላይ ሦስት ገዢ ቆሞ፣ በኪሎ የሚሰጡት ዋጋ በትንሽ ሳንቲም ብቻ ሲለያይ ገበሬውን የሚመልሰው ምንድን ነው? ባለፈው ክረምት ማን እንደደረሰለት ነዋ! የነጋዴው ደግነት እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ጥቅሙም እውነተኛ ነው። ሁለቱ አብረው መኖራቸው ሰውዬውን አስመሳይ አያደርገውም።

ፈረንሳዊው ምሁር ማርሴል ሞስ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ስለ ስጦታ ባሳተመው ሥራው ያለው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስጦታ ሦስት ግዴታ አለው ይላል፤ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። ነፃ የሚመስለው ስጦታም ሰዎችን ያስራል። ለእኛ ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። «ውለታ» የሚል አንድ ቃል አለን፤ ሦስቱንም ይዞታል።

ይሉኝታ በቁጥር ሲለካ

ሌላው ኃይል ይሉኝታ ነው። «ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጥተው ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው» መባልን የሚፈልግ ማን አለ?

ይሄን አሜሪካ ውስጥ የለኩት ሰዎች አሉ። ስቴፋኖ ዴላቪኛ፣ ጆን ሊስትና ኡልሪኬ ማልመንዲየር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ቺካጎ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ እርዳታ የሚጠይቁ ሰዎችን አሰማሩ። ለአንዳንዱ ቤት ሳይነገረው ሄዱ። ለሌላው «ነገ በዚህ ሰዓት እንመጣለን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ አስቀድመው ሰቀሉ። ወረቀቱን ካዩት ውስጥ በሩን የሚከፍተው ሰው ከ9 እስከ 25 በመቶ ቀነሰ። ወረቀቱ ላይ «አትምጡብኝ» ብሎ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ሲጨመርበት ደግሞ የሚሰጠው ሰው ከ28 እስከ 42 በመቶ ቀነሰ። በሌላ አነጋገር ከሚሰጡት ውስጥ ብዙዎቹ የሰጡት መስጠት ፈልገው ሳይሆን ፊት ለፊት እምቢ ማለት አቅቷቸው ነው።

እንግዲህ ጎረቤቱን በስም የማያውቅ የቺካጎ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የአባቱን ቀብር ያስፈጸመለት የዕድር ዳኛ ደጁ ላይ የቆመበት የአጋሮ ነጋዴ እንዴት ይሆናል?

ግን በይሉኝታ ብቻ አንገምግመው። መስጠት ራሱ ደስታ አለው። ጄምስ አንድሪዮኒ የተባለ ኢኮኖሚስት ሰው ሲሰጥ ለራሱም የሚያገኘው ውስጣዊ ደስታ እንዳለ በ1990 (እ.ኤ.አ.) በሒሳብ አሳይቷል። ሂሳቡ ቢቀርም ያደገበትን ትምህርት ቤት ጣራ ያሠራን ሰው ፊት ማየት ይበቃል።

የሀብታሞቹን ጉዳይ ለብቻ ያጠናችው ደግሞ ፍራንሲ ኦስትሮወር ናት። ኒውዮርክ አካባቢ 99 ሀብታም ሰጪዎችን አነጋግራ በ1995 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አሳተመች። ያገኘችው ምንድን ነው? ሀብታሞች የሚሰጡት በአብዛኛው እነሱ ራሳቸው አባል ለሆኑበት፣ ለተማሩበት፣ ጓደኞቻቸው ቦርድ ላይ ለተቀመጡበት ተቋም ነው። መስጠት የእነሱ ክበብ አባል መሆናቸውን የሚያሳዩበት መንገድ ነው። ጅማ ላይ የቦርድ ስብሰባ በብዛት ላይኖር ይችላል። ግን የመስጊድ ኮሚቴ አለ፣ የሰበካ ጉባኤ አለ፣ የቡና ነጋዴዎች ዕቁብ አለ። አንዱ ሲሰጥ ሌላው ያያል። የሰጠው ሰውም ነገ ተራው ሲደርስ ያንኑ ጓደኛውን ይጠይቃል።

ሃይማኖቱስ?

«ሰው የሚሰጠው ለፈጣሪው ብሎ ነው፤ ዝምድና ምን አገናኘው?» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ጅማ ላይ ሃይማኖትን ትቶ ስለ መስጠት ማውራት አይቻልም። ግን ሃይማኖቱም ዝምድናን አይተውም።

ዘካን እንየው። ለአንድ ዓመት በእጁ የቆየ፣ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያላነሰ ሀብት ያለው ሙስሊም 2.5 በመቶ ያወጣል። 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የንግድ ሀብት ያለው ሰው 100 ሺህ ብር ማለት ነው። ይሄ በጎ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ የተቀባዮቹም ዓይነት ስምንት ተብሎ የተወሰነ ነው። ድሃው፣ ምስኪኑ፣ ባለዕዳው፣ ከቤቱ የራቀ መንገደኛው ሁሉ አሉበት። ለወላጅና ለልጅ ዘካ አይሰጥም፤ እነሱን ማኖር ቀድሞም የራሱ ግዴታ ነው። ለተቸገረ ወንድም፣ ለአክስት ልጅ ግን ይሰጣል፤ ለዘመድ የሰጠም ምጽዋቱንም ዝምድናውንም አንድ ላይ እንዳደረገ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ነጋዴው ዘካውን መጀመሪያ ለዘመዶቹ ቢያወጣ ሕጉን ጣሰ አይባልም። እንደውም ጠበቀ ነው የሚባለው።

በኦርቶዶክሱም ቤት ዝክሩ፣ ተዝካሩ፣ ስእለቱ አለ። ዝክር ሲዘከር ጎረቤት ይጠራል፣ ነዳያን ደጅ ላይ ይበላሉ። አሥራቱ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። በፕሮቴስታንቱም አሥራት የታወቀ ነው። ሁሉም ጋ «ቀኝ ሲሰጥ ግራ አይይ» የሚል ትምህርት አለ። በዚህ ምክንያት ከሚሰጠው ብዙው ፌስቡክ ላይ አይታይም። «ሀብታሞቹ የት ሄዱ?» የምንለው ግማሹ ስላልሰጡ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ስላላየናቸው።

ጥሪው ከላይ ሲመጣ

ጠያቂው ሽማግሌ ሳይሆን መንግሥት ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ይሄ ለጅማ የቆየ ታሪክ ነው። ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገበሩ፤ በየዓመቱ ግብርና እጅ መንሻ ላኩ። በልዋጩ ጅማ የራሷን ንጉሥ፣ የሒርማታን ገበያና የቡና ንግዷን ይዛ ቆየች። አልገብርም ብላ የተዋጋችው ጎረቤቷ ካፋ በ1897 (እ.ኤ.አ.) ተሸንፋ ንጉሧ ተማርኮ ተወሰደ። እጅ መንሻ ከተራ ስጦታ ይለያል፤ ዝምድናን ከጉልበተኛ ጋር መግዣ ነው።

በዘመናችንስ? ግንቦት 11 ቀን 2011 «ገበታ ለሸገር» ላይ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ለአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት ነው የተባለው። በሊሙ የቡና እርሻን የያዘው ሆራይዘን ፕላንቴሽን ባለቤት ሼህ መሐመድ አል አሙዲም ለህዳሴ ግድብ 1.5 ቢሊዮን ብር ቃል መግባታቸው በጊዜው ተዘግቧል። እነዚህ ሰዎች አገራቸውን አይወዱም ልንል አይደለም። ግን ፈቃድ የሚያድሰው አካል እርዳታ ጠያቂም ሲሆን፣ ሰጪው የሚያስበው ስለ ግድቡ ወይም ስለ ወንዙ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በየወረዳው አዳራሽ ነጋዴዎች ተጠርተው፣ ማይክ እየዞረ፣ ቃል ሲያስገቡ ያያችሁም ታውቁታላችሁ። ማይኩ አጠገብህ ሲደርስ የጎረቤትህን ቁጥር ሰምተሃል፤ ከእሱ በታች መጥራት ይከብዳል።

«ለታክስ ብለው ነው» የሚለውን ኮሜንት ግን እዚህ እንዝጋው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለሀገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ለመንግሥት ጥሪ የተሰጠ ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ ተቀናሽ ይሆናል። ተቀናሽ የሚሆነው ግን ከገቢው እንጂ ከግብሩ አይደለም። 30 በመቶ ግብር የሚከፍል ድርጅት 100 ሺህ ብር ቢሰጥ 30 ሺህ ግብር ይቀርለታል፤ 70 ሺው ከራሱ ወጥቷል። ለጎረቤቱ ኦፕራሲዮን በካሽ የሰጠ ነጋዴማ በታክስ በኩል የሚያገኘው ዜሮ ነው።

ታዲያ ለምትጠይቁት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችሁ ለታመመ ጓደኛ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሠፈር መንገድ ብር አሰባስባችሁ ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ ጉልበታችንን የምንጨርሰው ፖስቱን በማሳመር ነው። ፎቶው ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ብንሠራ ይሻላል። ጆናታን ሚር የተባለ ተመራማሪ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎቹን እርዳታ ሲጠይቅ ያለውን መረጃ አይቶ ነበር። አንደኛ ዓመት ላይ አብሯቸው ዶርም ውስጥ የኖረ ሰው ሲጠይቃቸው የመስጠት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ምክንያቱ ያው ነው፤ ጠያቂው የታወቀ ሰው ነው፣ እሱ ካመነው እኔም ላምነው እችላለሁ ይላል ሰጪው።

አንድ ባለሀብት በወር ስንት «እርዱን» እንደሚደርሰው አስቡት። ከመካከሉ የውሸቱን ከእውነቱ የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም፤ «ማን ልኮህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ትዕቢት ይመስለናል እንጂ የእሱ ማጣሪያ ያ ነው። ስለዚህ ሰው ፈልጉ። የዕድሩ ዳኛ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ያስተማረው መምህር፣ ካቅራቢው ጋር ለዓመታት የሠራ ሚዛን መዛኝ። ብሩም በአንድ ሰው ስም ባይሆን ይመረጣል፤ ሁለት ሦስት ሰው በጋራ የሚፈርምበት አካውንት ይከፈት። ካለቀ በኋላ ደግሞ ተመልሳችሁ ሂዱ። ብሩ የት እንደደረሰ ንገሩት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄኛውን ነው።

በይነመረብ ላይ አይሠራም ማለት ግን አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ በ2017 በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሰብስቧል። ግን አስተውላችሁ እዩት። ያ ስርጭት ዝም ብሎ የአካውንት ቁጥር አልነበረም። ሕዝቡ ለዓመታት ሥራውን ያየለት ሰው አለ፣ ሰው የሚያውቀው አቅራቢ አለ፣ የሰጪዎቹ ስም ይነበባል። ሽማግሌውና አዳራሹ ወደ ስልካችን ገቡ ማለት ነው።

ዝምድና የሌለውስ?

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው የሚልክለት ሰው ላለው ነው። ከባዱ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ሰው የሌለውስ?

ለዝምድና የማይንበረከክ አንድ መንገድ ማኅበራቱ አላቸው። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቡናውን በፍትሐዊ ንግድ ምልክት ሲሸጥ፣ ከዋጋው በላይ በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ለማኅበሩ ይጨመራል። ይሄን ብር እገሌ ሐጂን ስለሚያውቅ አይወስደውም፤ በምን ላይ እንደሚውል አባላቱ በጉባኤ ይወስናሉ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ንፁህ ውሃ ተሠርቶበታል። አጋሮ አካባቢ ያለው ዱሮሚና ማኅበርም ሌላ ምሳሌ ነው። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ከጌትስ ፋውንዴሽን ባገኘው ገንዘብ የሙያ ድጋፍ አደረገለት፤ ማኅበሩ የማጠቢያ ማሽኑን በብድር ተክሎ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአፍሪካ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ ወጣ። የዓለም ትልቅ ሀብታም ገንዘብ ጎማ ወረዳ የደረሰው በዘመድ ሳይሆን በፕሮጀክት ነው። (እዚያም ቢሆን ፕሮጀክቱ የትኛው ቀበሌ እንደሚገባ ሲወሰን የሰው ትውውቅ ምንም አልሠራም ብለን አንምልም።)

ማኅበሩ ግን የሚያውቀው አባሉን ነው። አባል ለመሆን የቡና ማሳ ያስፈልጋል።

በለቀማ ወቅት ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከዳውሮ ወደ ሊሙ፣ ወደ ጎማ የሚመጡትን ልጆች አስቧቸው። አብዛኞቹ የእናንተ እኩያ ናቸው። በኪሎ እየተከፈላቸው ይለቅማሉ፤ ማታ በጋራ ተከራይተው ወይም እርሻው ውስጥ ባለ መጠለያ ያድራሉ። አንዱ ወባ ሲይዘው ወይም ከዛፍ ሲወድቅ ሽማግሌ የሚልክለት የለም። ለቀጣሪው በአዝመራው መጨረሻ ቡና ጭኖ የሚመለስ ደንበኛም አይደለም፤ ውለታውን የሚመልስበት መንገድ የለውም። ቋንቋውም ሌላ ሊሆን ይችላል። በዘካ ሕግ «ከቤቱ የራቀ መንገደኛ» የሚለው መደብ እሱን በደንብ ይመስላል፤ ግን ማመልከቻውን ማን ይዞለት ይሂድ?

በአብዛኛው የሚደርስለት አብሮት የመጣው ያገሩ ልጅ ነው። ከለቃሚዎቹ እየተዋጣ፣ አንዱ 50 ሌላው 100 ብር፣ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ከዚያ የባሰ ከሆነ ወደ አገሩ የሚሄድ መኪና ላይ ይሳፈራል። አልፎ አልፎ ቤት ያከራየችው እናት ወይም የሳይቱ ጥበቃ ነገሩን ለባለቤቱ ይነግሩታል፤ ያኔ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ይሰጣል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው በለቃሚውና በከተማው መካከል ያሉት። የሚነግርለት ካገኘ ዳነ፤ ካላገኘ ደግሞ የተለቀመው ኪሎ ተቆጥሮ፣ ሒሳብ ተዘግቶ፣ ጥር ላይ ይሄዳል። የትኛውም ዕድር መዝገብ ላይ ስሙ አልተጻፈም።